ራበኝ፣ ጾምሁ፣ አልበላም፦ የምግብ ፍላጎት ሆርሞኖችና የአመጋገብ ሕመም

በአማርኛ ረሃብ ሰውን የሚይዝ እንጂ ሰው የሚሠራው ነገር አይደለም። ተናጋሪው «ራበኝ» ሲል አድራጊው ረሃቡ፣ ተደራጊው እርሱ ይሆናል፤ «ጾምሁ» ወይም «አልበላም» ሲል ግን ነገሩ የራሱ ፈቃድ መሆኑን ይናገራል፤ «እህል አልወርድ አለኝ» ብሎ ሲያማርር ደግሞ ፈቃዱ እያለ ሰውነቱ እንደ ከለከለው ያስታውቃል። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ ጾሙንም፣ የክረምቱን የእህል እጥረትም፣ የታማሚን ምግብ መተውም በእነዚህ ቃላት እየለየ ይጠራቸዋል። የሕክምና ሳይንስ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ባገኘው ዕውቀት መሠረት በሦስቱም ሁኔታዎች በደም ውስጥ የሚመላለሱት መልእክተኞች አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ሁኔታዎቹን ከሚለያዩአቸው ነገሮች አንዱ መልእክቱን የሚቀበለው አእምሮ የሚሰጠው መልስ ነው።

መልእክተኞቹ ሆርሞኖች ይባላሉ፤ ሆርሞን ማለት ከአንድ የሰውነት ክፍል መንጭቶ፣ በደም ተጉዞ፣ የሌላውን ክፍል ሥራ የሚያዝ ንጥረ ነገር ነው። የምግብ ፍላጎትን ከሚመሩት መካከል ግሬሊን የተባለው እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች በማሳያሱ ኮጂማና በኬንጂ ካንጋዋ የተገኘ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከጨጓራ ይመነጫል፤ ከምግብ በፊት ከፍ፣ ከምግብ በኋላ ዝቅ እያለ በአንጎል ሥር ያለውንና ሃይፖታላመስ የተባለውን ክፍል ለመብል ይቀሰቅሳል። ከእርሱ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ጄፍሪ ፍሪድማን ከባልደረቦቹ ጋር ያገኘው ሌፕቲን ደግሞ ከሰውነት ስብ የሚመነጭ ስለሆነ ሥራው እንደ ጎተራ ጠባቂ ነው፤ ስቡ ሲበዛ በዝቶ፣ ስቡ ሲያንስ አንሶ የቀረውን የስንቅ ልክ ለአንጎል ያሳውቃል። በእነዚህ ላይ ፒ ዋይ ዋይ፣ ኮሌሲስቶኪኒንና ጂ ኤል ፒ ዋን የተባሉት የአንጀት ሆርሞኖች ምግብ መድረሱን እያበሰሩ «ጠገብሁ» የሚያሰኘውን ስሜት ያመጣሉ።

ጤነኛ ሰው በሚጾምበት ጊዜ ይህ ሥርዓት በአግባቡ ይሠራል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሲሆን፣ ከእነዚህም 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ናቸው። ግሬሊን በይበልጥ የሚያድገው ሰውየው መብላት በለመደበት ሰዓት ስለሆነ፣ ጾሙ በገባ ሰሞን ረሃብ በማለዳ ቁርስ ሰዓት ይጠነክራል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ሲለመድ ግን ስሜቱም ከአዲሱ ሰዓት ጋር እየተስማማ ይሄዳል። ጾሙ በቀን መቁጠሪያ የታወቀ መግቢያና መውጫ አለው፤ ጎረቤትና ቤተ ዘመድ አብረው ይጾሙታል፣ ታማሚና አራስ በንስሐ አባት ፈቃድ ይታለፋሉ፣ የፋሲካ ሌሊት ሲደርስም ጾመኛው በደስታ ይገድፋል፤ ስለዚህ ረሃቡ ተሰምቶት በፈቃዱ ያቆየው፣ ጊዜው ሲደርስም ያለ ፍርሃት የሚታዘዘው ነገር ነው።

እጦት ግን ፈቃድን አይጠይቅም። አዲሱ እህል ሳይደርስ ጎተራው በሚጎድልበት በክረምት ወራት የሕፃናት ሰውነት ቀድሞ ይጎዳል፤ በኢትዮጵያ ጤና ኬላዎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ልጆች የላይኛው ክንዳቸው ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ሆኖ ሲገኝ ከባድ የምግብ እጥረት እንዳለባቸው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምታደርገው የምግብ ፍላጎት ፈተና ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ በለውዝና በወተት ዱቄት የተዘጋጀውና በተለምዶ ፕላምፕኔት የሚባለው ምግብ ለልጁ ይቀርብለታል፣ ሌላ አስጊ ምልክት ሳይኖርበት ደኅና አድርጎ ከበላ በቤቱ ሆኖ ይታከማል፣ አልበላ ካለ ግን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ተኝቶ እንዲታከም ይላካል። በእጅጉ የተጎዳ ሰውነት፣ በተለይም ኢንፌክሽን ሲጨመርበት፣ የምግብ ፍላጎቱን ስለሚያጣ የፍላጎቱ መጥፋት ራሱ የአደጋ ምልክት ነው። በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል በታከሙ ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናትም ሲገቡ የሌፕቲናቸው መጠን እጅግ ዝቅ ያለባቸው ልጆች ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ እንደ ነበሩ አሳይቷል።

ሦስተኛው ሁኔታ የአመጋገብ ሕመም የሚባለው ሲሆን፣ ከዚህ ዓይነት ሕመሞች መካከል ስሙ አስቀድሞ የታወቀው አኖሬክሲያ ነርቮሳ ነው። ይህ ሕመም የያዘው ሰው ምግብ ሳይቸግረው፣ ክብደት መጨመርን አጥብቆ ከመፍራት የተነሣ መብሉን እየቀነሰ ይከሳል። በደሙ ውስጥ ያለው ሌፕቲን እጅግ ዝቅ፣ ግሬሊኑ ደግሞ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ሰውነቱ በሁለቱም በኩል «ብላ» እያለ ይጮኻል፤ አእምሮው ግን ጥሪውን አይታዘዝም። ከዚህም ጋር ጥጋብን የሚያበስረው ፒ ዋይ ዋይ በብዙ ታማሚዎች ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ጨጓራም ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፈው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ ታማሚዋ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ «ሆዴ ሞላ» ስትል ቤተሰቧ ውሸት ወይም እልከኝነት አድርጎ ሊቆጥርባት አይገባም። ሌፕቲን ሲወርድ አንጎል የመራቢያ ሆርሞኖችን ትእዛዝ ስለሚያቆም የወር አበባዋ ይቀራል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ ሰውነቷም ብርድ ይበዛበታል።

ቡሊሚያ በተባለው ሕመም ሰው ራሱን መግታት አቅቶት በአንድ ጊዜ ብዙ ይበላና ክብደት እንዳይጨምር በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ያስወጣዋል፤ በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ከምግብ በኋላ የሚነሣው ኮሌሲስቶኪኒን ደካማ ሆኖ፣ ግሬሊንም በሚገባው መጠን ሳይወርድ ስለሚገኝ የጥጋቡ ዜና ለአንጎል ደክሞ ይደርሳል። ደጋግሞ ማስመለስ በደም ያለውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ስለሚያሳንስ የልብ ምትን እስከ ማወክ ይደርሳል።

ከእነዚህ የአካልና የመንፈስ ምልክቶች ብዙዎቹ ረሃቡ ራሱ የሚያመጣቸው መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ በመራው ጥናት ታይቷል፤ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት መብላቸውን ሲቀንሱ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህሉን አጡ፣ ቀን ከሌት ምግብን ብቻ ማሰብ ጀመሩ፣ አዘኑ፣ ከሰው ተገለሉ፣ እንደ ገና ሲመገቡም አንዳንዶቹ እየበሉ ጥጋብ የማያውቁ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 17,000 ያህል የአኖሬክሲያ ታማሚዎችን ያካተተ የዘረ መል ጥናት ደግሞ ሕመሙ ከአእምሮ ባሻገር ሰውነት ስብንና ስኳርን ከሚጠቀምበት ሥርዓት ጋር ዝምድና እንዳለው አመልክቷል። ሁለቱም ማስረጃዎች ሕመሙን ከትዕቢትና ከቅብጠት የሚቆጥረውን አስተያየት ይሽራሉ።

በኢትዮጵያ አኖሬክሲያን ለይቶ ማወቅ የራሱ አስቸጋሪነት አለው። ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ለአዋቂዎች መነሻ የሚያደርገው በኪሎ ግራም የተለካው ክብደት በሜትር ለተለካው ቁመት ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኘውን ቁጥር ሲሆን፣ ይህም ከ18.5 በታች መሆን ይኖርበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 22 በመቶው ከዚህ ልክ በታች ነበሩ። ያው ምደባም ክሳቱ ምግብ ከማጣት ወይም ከሌላ በሽታ የመጣ መሆን እንደሌለበት ያስጠነቅቃል፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ የጨጓራ ሕመም፣ ድባቴ፣ የአንጀት ትላትልም ሰውን ያከሳሉና ሐኪሙ አስቀድሞ ሊመረምራቸው ይገባል። ሚዛን የማይመልሰውን ጥያቄ ቤተሰብ በዓይኑ ሊመልሰው ይችላል፤ ጾሙ ወጥቶ ሁሉም ሲገድፍ አንዲት ልጅ ብቻ መከልከሏን ከቀጠለች፣ በገበታ መቀመጥን ከሸሸች፣ ምግብ ከደበቀች፣ እየከሳች «ወፈርሁ» እያለች ከተጨነቀች ነገሩ ጾምም እጦትም አይደለም።

እንዲህ ያለች ልጅ በብቸናም ሆነ በሞጣ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል መወሰድ አለባት፤ ጸበል የምትሄድም ከሆነ የንስሐ አባቷ ሕመሟን አውቀው ከጾም እንዲያሳርፏት ቤተሰቡ ማማከር ይገባዋል። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሲመገብ በደሙ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን በድንገት ወርዶ ልቡን ሊያቆም ስለሚችል የመጀመሪያዎቹ ቀናት አመጋገብ በባለሙያ ቁጥጥር፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ዋና መድኃኒት ምግብ ነው፤ ለወጣት ታማሚዎች ወላጆች በትዕግሥት ከጎን ተቀምጠው የሚያበሉበት ሕክምና ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ክብደቱ ሲመለስ ሌፕቲን ከፍ፣ ግሬሊን ዝቅ እያለ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ የረሃብና የጥጋብ ስሜት ግን ዘግይቶ ስለሚስተካከል ታማሚዋ ለወራት ያህል ባይርባትም በሰዓቱ መብላት ይኖርባታል። ግሬሊን የለመደውን ሰዓት የሚከተል ሆርሞን ስለሆነ በሰዓት የሚቀርበው ገበታ ራሱ ሰውነትን መልሶ ያስተምረዋል፤ አንድ ቀንም ማንም ሳይጠይቃት በራሷ አንደበት «ራበኝ» ስትል ለቤተሰቧ ትልቅ የምሥራች ይሆናል።