ሃይድሮጅንን ስለ ማከማቸትና ስለ ጅቡቲ ሙቀት

በጅቡቲ ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ፥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ መድረሱ የታወቀ ነው። የጅቡቲ መንግሥት በ2022 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ሲ.ደብልዩ.ፒ. ግሎባል ከተባለው ኩባንያ ጋር ከፀሐይና ከነፋስ ኃይል ሃይድሮጅን ስለ ማምረት የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሟል፤ በጉቤትም 60 ሜጋዋት የሚያመነጨው የነፋስ ኃይል ጣቢያ በ2023 ተመርቋል። ስለ ማምረቱ ሲነገር ስለ ማከማቸቱም መጠየቅ ይገባል።

ሃይድሮጅን ከጋዞች ሁሉ ቀላሉ ስለ ሆነ፥ በትንሽ ዕቃ ብዙ መያዝ ያስቸግራል። ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች እስከ 253 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ያሻል። ሌላው መንገድ ባለ ቀዳዳ ነገር ውስጥ ማስገባት ነው። (ኢጣልያኖች «ፖሮዞ» የሚሉትን በአንድ ቃል የምንጠራበት ስላላገኘን «ባለ ቀዳዳ» ብለነዋል።)

ከዚህ ዓይነቶች አንዱ የላንታነምና የኒኬል ቅይጥ ዱቄት ነው። ጋዙ በቅንጣቶቹ መካከል አልፎ ከብረቱ ጋር ይዋሐዳል። በሚዋሐድበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሃይድሮጅን 15 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይወጣል፤ ይኸውም ሃይድሮጅኑ ራሱ ሲቃጠል ከሚሰጠው አንድ ስምንተኛው ነው። እንግዲህ 5 ኪሎ በ5 ደቂቃ እንሙላ ቢባል፥ 250 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ያለ ማቋረጥ መውጣት አለበት ማለት ነው። ሙቀቱ ካልወጣ ዱቄቱ ይግላል፤ በጋለ መጠንም ጋዙን ለመቀበል የሚጠይቀው ግፊት ይጨምራል፤ በመጨረሻም መሙላቱ ይቆማል። ክፉው ነገር፥ ዱቄት ከጠጣር ብረት ይልቅ ሙቀትን በጣም አሳንሶ ማስተላለፉ ነው። ያውም ጋዝ በገባና በወጣ ቍጥር ቅንጣቶቹ እየተሰነጣጠቁ ይደቃሉ።

ስለዚህ መሐንዲሶች ዱቄቱን ከግራፋይት ጋር ቀላቅለው ይጨምቁታል፤ ወይም የአሉሚኒየም ክንፍ ያለው የውኃ ቧንቧ በመካከሉ ያሳልፋሉ። ይህ ሁሉ ግን ለጋዝ የሚሆነውን ስፍራና ክብደት ይሻማል። 5 ኪሎ ሃይድሮጅን ለመያዝ ቅይጡ ብቻውን ከ350 ኪሎ በላይ ይመዝናልና፥ በእኛ አስተያየት ይህ ዕቃ በየብስ ላይ ተተክሎ ለሚቀር ጣቢያ እንጂ ለመርከብ ጭነት አይሆንም።

ሁለተኛው ዓይነት ባለ ቀዳዳ ከሰል ነው። እርሱ የሚያወጣው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጋዝ እንዲይዝ ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከውጭው አየር ጋር ያለው ልዩነት በጅቡቲ ከ230 ዲግሪ ስለሚበልጥ፥ ከሰሉን አቀዝቅዞ ማቆየቱ ወጪ ነው።

የቦታው ሙቀት ጥቅምም አለው፤ ከብረቱ ዱቄት ጋዝ ሲወጣ ሙቀት ይፈልጋልና። የሚጎዳው ሲሞላ ነው። በበጋ የባሕሩ ውኃ ራሱ ከ30 ዲግሪ ስለሚያልፍ፥ ማቀዝቀዣነቱ ደካማ ነው፤ ጨውም ቧንቧ ይበላል። ዕቃውን ለመግዛት የሚያስብ ነጋዴም ሆነ ውሉን የሚመረምር ሹም፥ በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈው የመሙያ ጊዜ በስንት ዲግሪ ውኃ እንደ ተለካ አስቀድሞ ይጠይቅ። በ20 ዲግሪ ውኃ የተለካ ከሆነ፥ በሐምሌ ወር በጅቡቲ ወደብ የሚፈጀው ጊዜ ከተጻፈው ይረዝማል።