ከማመንጫው በፊት የሚፈረመው ወረቀት

ከሐርላ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ መትከል ቀላል ይመስለዋል። ፀሐዩ አለ፤ መሬቱ አለ። ነገር ግን አንድ ብረት ከመቆሙ በፊት የኃይል ግዢ ውል ይፈረማል። ስለ ግድብና ስለ ነፋስ ተርባይን ስንት ሲባል፣ ይህን ወረቀት የሚያነሳው የለም። ለእኔ ግን ከተርባይኑ እኩል የሚደነቅ ሥራ ነው።

መንግሥት ሲገነባ ነገሩ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም የተጠናቀቀው ቆቃ በኢጣልያ የጦር ካሳ፣ ዓይሻ ያለው የነፋስ ማመንጫ በአብዛኛው በቻይና ብድር፣ የህዳሴው ግድብ በሕዝብ ቦንድና በአገር ውስጥ ባንክ ገንዘብ ተሠሩ። የግል ባለሀብት ሲመጣ ግን መንግሥት ገንቢ መሆኑ ቀርቶ ገዢ ይሆናል። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ለዚህ በር ከፍቷል።

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሶላር ዕቃ የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ «መብራቱን ለውጭ ሰው ሸጡት፤ ነገ ቤታችን ድረስ መጥቶ ያስከፍለናል» አለኝ። የለም ወንድሜ! ባለሀብቱ የእርስዎን ቆጣሪ አያውቀውም። ያመነጨውን ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያስረክባል፤ ከእኛ ሒሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። የሳዑዲው አክዋ ፓወር በሶማሌ ክልል ጋድ፣ በአፋር ዲቼቶ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሆኑ የፀሐይ ማመንጫዎችን ጨረታ ሲያሸንፍ ያቀረበው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ለአፍሪካ እጅግ ርካሽ የሚባል ዋጋ ነው። ጣቢያዎቹ ግን አልተሠሩም።

አንዱ ዕንቅፋት እንዲታይ እስቲ ዋጋውን በብር እናስላው። 1 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት በዚህ ዋጋ 25,260 ዶላር ያወጣል። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ ይህ 1.44 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩ 110 ብር ሲገባ ወደ 2.78 ሚሊዮን ደረሰ። ፀሐዩ ያው፣ ፓነሉ ያው፤ የተለወጠው ምንዛሪው ብቻ ነው። ባለሀብቱ የተበደረው በዶላር ነው፤ እኛ የምንከፍለው በብር። ልዩነቱን ማን ይሸከም? ብሩን ወደ ዶላር የሚለውጥለትስ ማን ነው? የውሉ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ባለሀብት የመንግሥት ዋስትና የሚለምነውም ለዚህ ነው።

የጥንቶቹ የሐርላ ሰዎች ይህን የምንዛሪ ጥያቄ ሳያውቁት አልቀሩም። እዚያ በቁፋሮ ከተገኙት ቅርሶች መካከል የግብፅ ሳንቲሞች አሉ፤ ከሩቅ አገር ጋር የሚነግድ በማን ገንዘብ እንደሚከፈለው አስቀድሞ መስማማት ነበረበት።

ከመስመር ሽቦ ጠልፈው የሚጠቀሙ፣ ቢል የሚያከማቹ ሰዎች አንድ ነገር ቢያስቡ ደስ ይለኛል። ገዢው መሥሪያ ቤት ለባለሀብቱ የሚከፍለው ከዚያው ከእኛ ሒሳብ ነው፤ አበዳሪ ባንክም ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት የሚመረምረው የገዢውን ገቢ ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ ለምንዛሪው ችግር መፍትሔ የሚሆን ነገር አላት። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚነሳው ከእሷ ነው፤ ጅቡቲም የምትከፍለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከዚህ ገቢ የተወሰነው ለግል ማመንጫዎች ክፍያ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ቀጣዩ ጨረታ እንደ ጋድ በወረቀት ላይ አይቀርም ብዬ አምናለሁ።