የሸራ ጫማን በእጅ ሥራ ስለ ማስጌጥ

ነሐሴ አልቆ ጳጉሜን ሲገባ በየቤቱ ከሚታሰቡት ጉዳዮች አንዱ የልጆች ጫማ ነው። ደብተሩ፣ የደንብ ልብሱ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያና የዓውደ ዓመቱ ወጪ ባንድነት ተደራርበው በሚመጡበት በዚህ ወቅት፣ ሦስትና አራት ልጆች ያሏት እናት ለሁሉም አዲስ ጫማ ልትገዛ አቅሟ አይፈቅድላትም። ያለፈው ዓመት የሸራ ጫማ ግን ብዙ ጊዜ ሶሉ ገና አልተበላም፤ የተበላሸው መልኩ ነው። ነጩ ወደ ቢጫነት ተለውጧል፤ በጐኑም የቀለም ነጠብጣብ ወይም ትንሽ ቀዳዳ ይታይበታል። ልጁ ጫማውን አላደርግም ብሎ የሚያለቅሰው እግሩን ስለ ጠበበው ሳይሆን ባልንጀሮቹ እንዳያዩበት ስለሚያፍር ነው። ይህን የልጅ ኀፍረት እንደ ቅብጠት የሚቆጥሩ ወላጆች አሉ። እኛ ግን ኀፍረቱ እውነተኛ ነው እንላለን፤ ደግሞም በመርፌና በክር፣ በጥቂት የጨርቅ ቁራጭና ከአሮጌ ሸሚዝ በተነቀለ አዝራር ሊታከም የሚችል ነው።

ጌጥ ሲነሣ ከንቱ ውዳሴ እንዳይሆን የሚሠጉ አንባብያን አይጠፉም። ሆኖም የካህናቱን ካባ፣ የመቅደሱን መጋረጃ፣ የጃንጥላውን ዘርፍ ያየ ሰው ቤተ ክርስቲያናችን ጌጥን እንደማትጠላ ያውቃል። የሚያስነቅፈው እገሌ ከእገሌ በለጠ የሚያሰኝ ውድድር ነው፤ ጌጡም ያለ ቦታው ሲገባ ነው። ስለ ቦታው ወደ ኋላ የምንለው አለን።

የሸራ ጫማ ራሱ የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። ጎማ በሙቀት እየቀለጠ፣ በብርድ እየተሰነጠቀ ለጫማ አልመች ብሎ ከኖረ በኋላ፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ከድኝ ጋር በእሳት አዋሕዶ የሚያጸናበትን ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የጎማ ሶል ከሸራ ጋር ሊገጣጠም ቻለ፤ ኮንቨርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዛሬም ድረስ የሚታወቀውን የቅርጫት ኳስ የሸራ ጫማ ያወጣው በ1917 ነው። በእኛም አገር ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር ያቋቋሙት ሶልሬብልስ የተባለው ድርጅት፣ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን የጥንቱን በረባሶ መነሻ አድርጎ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ያለበትን ጫማ ለውጭ አገር ገበያ አቅርቧል። የአገራችን ክርና ጨርቅ ለጫማ እንደሚስማማ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ሥራው የሚጀምረው ከማጠብ ነው። ማሰሪያውንና በውስጥ የተነጠፈውን ሶል አውጥቶ፣ ሸራውን በለብታ ውሃና በቀላል ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማሸት ይገባል። የጎማውን ጠርዝ የጥርስ ሳሙና ያጠራዋል። ብዙዎች ነጭ ጫማ ሲያዩ ወደ በረኪና ይሮጣሉ፤ በረኪና ግን የጥጡን ክር እያሳሳ በመጨረሻ ያስቀድደዋል። ጫማው ቢጫ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት በደንብ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ስለ ሆነ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ማለቅለቅና በነጭ ሶፍት ሸፍኖ በጥላ ማድረቅ ይሻላል። ብጫነቱን ወረቀቱ ይስበዋል። አልለቅም ካለ ደግሞ ሌላ መላ አለ፤ ይኸውም ጥቂት የሻይ ቅጠል በደንብ አፍልቶ ከበረደ በኋላ ሸራውን በሙሉ በዚያ መንከር ነው። ነጠብጣቡም ብጫውም ባንድ የገብስማ መልክ ውስጥ ይሰወራሉ። እርድም ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ነገር ግን ፀሐይ ፈጥኖ ያደበዝዘዋል፣ ሳሙና ሲነካውም ወደ ቀይ ይለወጣልና ለጫማ አንመክረውም።

ከጌጡ ሁሉ የሚጸናው ጥልፍ ነው። ጫማው ቅርጹን እንዳይለቅ ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ መሙላት፣ ከዚያም የሚጠለፈውን ሥዕል በጠመኔ ወይም በቀጭን እርሳስ መንደፍ ነው። ሸራ ወፍራምና ድርብ ስለ ሆነ ተራ መርፌ ይሰበርበታል። ስለዚህ እናቶቻችን ሰፌድና መሶብ በሚሰፉበት ወስፌ አስቀድሞ ቀዳዳውን መብሳት፣ ጋዜጣውንም አውጥቶ መርፌውን በተበሳው ማሳለፍ ሥራውን በእጅጉ ያቀለዋል። ወስፌውን ትልቅ ሰው ይያዝ፤ መርፌውን ዕድሜው የፈቀደለት ልጅ ሊይዝ ይችላል።

ወስፌና ጫማ ባንድነት ሲነሡ አንድ የታወቀ ታሪክ ትዝ ይለናል። ቅዱስ ማርቆስ ወደ እስክንድርያ በገባ ጊዜ የጫማው ጠፍር ተበጥሶበት ለአንድ ጫማ ሰፊ ሰጠው። ሰፊው አንያኖስ ሲሠራ ወስፌው እጁን ወጋው፤ በሕመሙም መካከል የአንዱን አምላክ ስም ጠርቶ ጮኸ። ወንጌላዊውም እጁን ፈወሰለት፤ ሃይማኖትንም አስተማረው። ያ ጫማ ሰፊ ከቅዱስ ማርቆስ ቀጥሎ በእስክንድርያ መንበር ተቀመጠ፤ መታሰቢያውም ኅዳር 20 ቀን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ይህን የምናነሣው ወንድ ልጃቸው መርፌ ሲይዝ የሚስቁ ወይም የሚቈጡ አባቶችን በማሰብ ነው። በአገራችን ሽመናና ልብስ መስፋት ከጥንት የወንዶች ሙያ፣ ፈትል የሴቶች ሙያ ሆኖ ሳለ፣ ሳቁ ከየት እንደ መጣ አይገባንም። አፄ ምኒልክም የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር።

ለመስከረም ከአደይ አበባ የተሻለ ሥዕል አናገኝም። እያንዳንዱ ቅጠል አንድ የክር ቀለበት ነው፤ መርፌው ከመካከል ወጥቶ፣ ክሩ ቀለበት ሠርቶ፣ እዚያው አጠገብ ይመለሳል፤ የቀለበቱም ጫፍ በአንዲት አጭር ስፌት ይያዛል። ቅጠሎቹ ዙሪያውን ሲሞሉ መካከሉ ላይ ትንሽ ቢጫ አዝራር ይሰፋል። ገና መልመጃ ላይ ያለች ልጅ እንኳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት አበባ ትጨርሳለች። ቀዳዳ ወይም ነጠብጣብ ካለ አበባውን በዚያው ቦታ ላይ ማድረግ ነው፤ ለቀዳዳው ግን አስቀድሞ ከውስጥ የአቡጀዲ ቁራጭ ይለጠፍበታል።

ጫማውን ግራና ቀኝ እያቀያየረ ለሚያጠልቅ ሕፃን ደግሞ የሚከተለው ዘዴ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሁለቱን ጫማዎች በትክክል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው በጣቶቹ በኩል የሚነካኩበትን ጠርዝ ይመልከቱ። በዚያ ላይ አንድ አበባ ይነደፋል፤ ግማሹ በቀኙ ጫማ፣ ግማሹ በግራው ይሆናል። ጫማዎቹ በቦታቸው ሲሆኑ አበባው ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ሲቀያየሩ ግን ግማሾቹ ወደ ውጭ ዞረው ይለያያሉ። ሕፃኑ ቃል ሳይነገረው ራሱን ያርማል። ይህ ከመቶ ጊዜ ቍጣ ይበልጣል።

ሊጠነቀቁት የሚገባው እግር ሲራመድ የሚታጠፍበትን ቦታ ነው። በዚያ ላይ የተጠለፈ ክር ቶሎ ይበጠሳል፤ በውስጥ በኩል ያለው ቋጠሮም እግር ይልጣል። ቋጠሮዎቹ ሁሉ ጠፍጣፋ እንዲሆኑ አድርጎ በላያቸው ስስ ጨርቅ መስፋት ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ ያማረ ጫማ ማድረግ ልጁን ከኀፍረት ወደ ቍስል ማሻገር ነው።

አሁን ስለ ጌጥ ቦታ ወዳልነው እንመለስ። በሽሮ ሜዳም ሆነ በሌላ ስፍራ የአገር ልብስ ከሚሰፉት ዘንድ የጥበብና የጥለት ቁርጥራጭ ይገኛል፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ በጫማው ጐን ወይም በተረከዙ ላይ መስፋት እጅግ ያምራል። ነገር ግን ከጥበባችን ብዙው በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው። መስቀል ያለበትን ቁራጭ በጫማ ላይ መስፋት ተገቢ ነውን? በእኛ አስተያየት አይገባም። አንዳንዶች ይህ የሸማኔ ንድፍ እንጂ የተባረከ መስቀል አይደለም፣ ከሶሉ በላይ ስለ ሆነም አይረገጥም ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በግንባራችን የምናማትበውን፣ በአንገታችን የምናስረውን፣ ካህን ሲያሳልመን የምንስመውን ምልክት ጭቃ በሚረጭበትና አንዱ የሌላውን እግር በሚረግጥበት ቦታ ማኖር ለልጅ የሚያስተምረው ምንድር ነው? ጉባኤ ኤፌሶን የተሰበሰበበት ዘመን ንጉሥ ታናሹ ቴዎዶስዮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ427 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የመስቀልን ምልክት በመሬት ንጣፍ ላይ መቅረጽንና መሣልን ከልክሎ ነበር። ጥንቃቄው የዛሬ አይደለም። ለጫማው አበባ፣ ቅጠል፣ ወፍ፣ የሽንብራ ቅርጽ፣ የቀለም መስመር ሞልቶ ተርፏል፤ የቅዱሳን መልክና ስምም እንዲሁ ከእግር ይራቅ። ልጅም ለምን ብሎ ሲጠይቅ ምክንያቱን ሳይቈጡ ቢነግሩት መልካም ነው፤ ጫማን አውልቆ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባትን የለመደ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

መስቀል ያለበት ቁራጭ ግን አይጣልም። እርሱ የሚገባው በመጽሐፍ ማኅደር ላይ ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችን ገበታ በቆዳ ተለብጦ መስቀል እንደሚደጐስበት የታወቀ ነው፤ የቤታችን ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ግን ብዙ ጊዜ በፌስታል ተጠቅልለው ይሄዳሉ። ከጠንካራ ሸራ ወይም ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ የመጽሐፉን ስፋት ለክቶ በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ጣት ጨምሮ መቍረጥ፣ ውስጡን በአቡጀዲ መገበር፣ በክዳኑ ላይ የጥበቡን መስቀል መስፋት፣ ከትከሻ የሚወርድ ማንገቻ ማበጀት የሁለት ቀን ሥራ ነው። ልጁ ጫማው ላይ ሊያደርገው ፈልጎ የተከለከለውን ጌጥ በትከሻው ሲይዘው፣ ክልከላው ንፍገት እንዳልነበረ ይገባዋል።

ከዚሁ ጋር ለጫማው ራሱ አንድ ከረጢት ቢሰፋ ጥቅሙ ብዙ ነው። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነጭ የሸራ ጫማ ተከምሮ የማን እንደ ሆነ አይለይም፤ አንዳንዱም ሕፃን የሌላ ልጅ ጫማ አድርጎ ይሄዳል። ጫማቸውን በፌስታል ይዘው የሚገቡትም አሉ፤ ፌስታሉ ግን በቅዳሴው ጸጥታ ሲንኰሻኰሽ ሰውን ያውካል። የጨርቅ ከረጢት አይጮኽም። አፉ በገመድ የሚሰበሰብ ይሁን፤ በጫማው ላይ ያለው አበባ በከረጢቱም ላይ ይጠለፍ፤ የልጁም ስም በውስጥ ይጻፍ። ይህን ከረጢት ከመጽሐፉ ማኅደር ጋር ማደባለቅ አይገባም።

መርፌ የማይወድ የጨርቅ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ሊጠቀም ይችላል። ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት አንድ ጊዜ ከማወፈር ይሻላል፤ ወፍራም ቀለም በመታጠፊያው ይሰነጠቃልና። የጨርቅ ቀለም በጎማው ላይ አይጸናም። ከረጢት ወይም ቦርሳ ከሆነ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በስተጀርባው በጋለ ካውያ መተኰስ ያጸናዋል፤ ጫማውን ግን ካውያ አያስጠጉት፤ ጎማውና ማጣበቂያው ይበላሻሉ። ዶቃ ያምራል፤ ሁሉን ወደ አፉ በሚወስድ ሕፃን ጫማ ላይ ግን ዶቃም አዝራርም ፈጽሞ አይደረግም። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ በተመለከተ ቃላችን አጭር ነው፤ ሽታው ለአእምሮና ለሳንባ ጐጂ ስለ ሆነ በልጆች እጅ አይግባ። ትልቅ ሰው ከቤት ውጭ ሠርቶ ቈርቈሮውን ይቈልፍበት። ክር ባለበት ሁሉ ማስቲሽ አያስፈልግም።

የተጌጠ ጫማ በእጅ እንጂ በማሽን አይታጠብም፤ በውሃም ተዘፍዝፎ አይደር። ቀለሙ የሚለቅ ቀይና ጥቍር ክር ካለ፣ ከመጥለፉ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ መሞከር ይጠቅማል። ዓመት አልፎ ጫማው ለታናሽ ሲተላለፍ ደግሞ አዲሱ ባለቤት የራሱን ሥዕል ይምረጥ፤ የታላቅ እኅቱን አበባ እንዲያደርግ አይገደድ። የቀድሞውን ክር በውስጥ በኩል በትንሽ መቀስ እየቈረጡ መምዘዝ፣ ቀዳዳዎቹን በጥፍር አሽቶ ማጠብ ነው፤ ሸራው እንደ ገና ይገጥማል፤ መርፌውም እንደ ገና ይገባበታል።