በቡድን ወይስ በራስ? ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ አሶሳንና ጉባን ለመጎብኘት ላሰባችሁ

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ መምጣት የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ከአዲስ አበባ የሚደውል ወዳጅም ሆነ ከውጭ ሀገር የሚጽፍ ዘመድ ጥያቄው አንድ ነው፤ በተቋም በተዘጋጀ የቡድን ጉብኝት ልምጣ ወይስ በራሴ ተነስቼ? አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ መንገዱ ነው። ሰሞኑን ግን ሌላ ጭንቀትም አብሮ ይነሳል። በግንቦት 2017 ኤምፖክስ ሞያሌ ላይ ተገኘ፣ በኅዳር 2018 ደግሞ ማርበርግ ጂንካ ላይ። ዕድሜያቸው የገፋ እናትና አባቱን ግድቡን ሊያሳይ ያሰበ ሰው እንደ ኮሮና ያለ ነገር ተመልሶ ቢመጣስ ብሎ ቢጠይቅ ፈሪ አይባልም።

ይሄን ጥያቄ ከኛ በፊት በደንብ የተፈተኑበት የመዝናኛ መርከቦች ናቸው። እኛ ባሕር የለንም፣ መርከቡም አይደርስብንም። ታሪካቸው ግን ከጉባው አውቶቡስ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ከዚያ ልጀምር።

የመዝናኛ መርከብ ማለት ሺዎች የሚያድሩበት ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። በየወደቡ ለጥቂት ሰዓት ይቆማል፣ ሰው ወርዶ ከተማ አይቶ ይመለሳል። ከወረርሽኙ በፊት ሁለት ምርጫ ነበር። አንዱ ድርጅቱ ራሱ የሚሸጠው ጉብኝት ነው፤ አውቶቡሱም አስጎብኚውም የተዘጋጀ፣ ዋጋውም ወደድ ያለ። ሌላው በራስ ወርዶ፣ ከታክሲ ተደራድሮ እንደልብ መዞር። ሁለተኛው ይረክሳል፣ ነጻነትም አለው። ግን የድርጅቱ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ ብቻውን ሄዶ የዘገየውን ሰው ጥሎት ይሄዳል። ነቀምት ላይ ለምሳ ወርዶ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ኮሮና ሲመጣ ይሄ ሂሳብ ተቀየረ። በጥር 2012 ከዳይመንድ ፕሪንሰስ መርከብ ሆንግ ኮንግ ላይ የወረደ አንድ መንገደኛ ቫይረሱ ተገኘበት። መርከቡ ጃፓን፣ ዮኮሃማ ላይ በኳራንቲን ተያዘ። ከተሳፈሩት 3,711 ሰዎች ውስጥ 712ቱ በቫይረሱ ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በዓለም ዙሪያ መርከቦቹ ሥራ አቆሙ።

ነሐሴ 10 ቀን 2012 ኤምኤስሲ ግራንዲዮሳ የተባለው መርከብ ከጣሊያን ጄኖዋ ተነስቶ እንደገና መንገደኛ መጫን ጀመረ። ደንቡ አዲስ ነበር። ማንም ሳይመረመር አይሳፈርም፤ ወደብ ላይ መውረድ የሚቻለው ደግሞ ድርጅቱ ባዘጋጀው ጉብኝት ብቻ ነው። ኔፕልስ ላይ አንድ ቤተሰብ ከቡድኑ ተነጥሎ በራሱ ስለዞረ ወደ መርከቡ እንዳይመለስ ተከለከለ። ዕረፍታቸው እዚያው አበቃ።

ሐሳቡ ግልጽ ነው። የተመረመረ ሰው ካልተመረመረ ሰው ጋር ካልተቀላቀለ ቫይረሱ መግቢያ አያገኝም። አጥር ማጠር በሉት። ችግሩ የበሩ ነው። በ2013 መጀመሪያ ሲድሪም 1 የተባለ አነስተኛ መርከብ ካሪቢያን ላይ ጉዞ ጀመረ፤ መንገደኞቹ ሁሉ ከመሳፈራቸው በፊት ተመርምረው ነጻ ተብለዋል። ተመርምረናል ተብሎ ማስክ መጀመሪያ ላይ ግዴታ አልነበረም። በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ መንገደኛ ታመመ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ምርመራ ሰውየው በተያዘ ማግስት ከተደረገ ቫይረሱን ላያገኘው ይችላል፤ ሰውየው ነጻ ነህ ተብሎ ይገባል፣ ከዚያ አጥሩ ቫይረሱን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ይዞ ይቀራል።

ለኛ ከመርከቡም በላይ የሚጠቅመን ግን የአንድ አውቶቡስ ታሪክ ነው። ጥር 10 ቀን 2012፣ እኛ ከተራ ላይ በነበርንበት ቀን፣ በቻይና ዠጂያንግ ግዛት የቡድሃ እምነት ተከታዮች በሁለት አውቶቡስ ተጭነው ወደ አምልኮ ሥነ ሥርዓት ሄዱ። ጉዞው ደርሶ መልስ 100 ደቂቃ ገደማ ነው። በሁለተኛው አውቶቡስ ውስጥ 68 ሰዎች ነበሩ፣ ከነሱ አንዷ ሳታውቀው ቫይረሱ ነበረባት። የአውቶቡሱ ኤሲ ያንኑ የውስጥ አየር መልሶ መላልሶ የሚያዞር ነበር። ከቀሪዎቹ 67 ሰዎች 23ቱ ተያዙ፣ ከሷ ርቀው የተቀመጡም ጭምር። በሚከፈት መስኮት አጠገብ ከተቀመጡት ግን ከጎኗ ከነበረው ሰው በቀር የተያዘ አልነበረም። በመጀመሪያው አውቶቡስ ከነበሩት 60 ሰዎችም አንድም አልተያዘም፤ ሥነ ሥርዓቱ ላይ ግን ሁሉም አንድ ቦታ ነበሩ። ልዩነቱ ያ ዝግ አየር ነው። ይሄ ጉዞ የተደራጀ፣ አስተባባሪ ያለው፣ ሁሉም የሚተዋወቅበት የቡድን ጉዞ ነበር።

ወደ ሀገር ቤት እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ከዚያ ነገሩ ተከታተለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ከውጭ የሚገባ ሰው 14 ቀን በኳራንቲን እንዲቆይ ተደረገ፣ ክልሎች አቋራጭ ትራንስፖርትን አገዱ ወይም ገደቡ፣ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መኪና የሚጭነው የወንበሩን ግማሽ ብቻ ሆነ፣ ታሪፉም ጨመረ።

በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በዚያ ዘመን ከአሶሳ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከመናኸሪያ ሲወጣ ግማሽ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ከከተማው ወጣ እንዳልን ቆሞ የቀረውን ሞላ። ፍተሻ ሲደርስ ማስክ ከኪስ ይወጣል፣ ፍተሻው ሲታለፍ አገጭ ላይ ይወርዳል። መስኮቱን የከፈተ ሰው ደግሞ ከኋላ "ብርድ ገባ፣ ዝጋው!" ይባላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዘጉት አንዱ ነኝ።

በክልላችን ጉዳዩን የሚያወሳስበው ቫይረሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ያ ጊዜ ለመተከል ከኮሮናም የከፋ ጊዜ ነበር። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች እንደተገደሉ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ዞኑ በኮማንድ ፖስት ስር ነበር። በወለጋ በኩል የሚመጣው መንገድም ያልተጠበቀ ነገር የማያጣው ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ቫይረስ ስለሚፈራ ብቻውን ወደ ጉባ ይንዳ ብሎ የሚመክር ሰው፣ የሚለውን አያውቅም ማለት ነው። ግድቡም ቢሆን እንደ መናፈሻ ተነስቶ የሚገባበት ቦታ አይደለም። በግንባታው ዘመን መምህሩም፣ አርቲስቱም፣ ጋዜጠኛውም የጎበኘው በተቋም ተደራጅቶ ነው፤ የሕዝብ ተሳትፎ አስተባባሪ ብሔራዊ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ያስተባበራቸው ጉብኝቶች ብዙ ናቸው። ፈቃዱ ያለው፣ አጃቢው ያለው፣ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው መረጃ ያለው እዚያ ነው።

እዚህ ጋ ነው ሰው ሁለት ነገር የሚያምታታው። ቡድን ለመንገዱ መፍትሔ ነው፤ ለትንፋሽ በሽታ ግን መፍትሔ አይደለም፣ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። አስቡት፤ ከተለያየ መሥሪያ ቤት፣ ከተለያየ ሰፈር የመጣ ሃምሳ ሰው ለረጅም ሰዓት አንድ አየር ይተነፍሳል። ከቻግኒ ወርዶ ግልገል በለስንና መንኩሽን ይዞ የሚሄደው መንገድ ቆላ ነው፣ ይሞቃል፣ አቧራም አለ። መስኮት ተዘግቶ ኤሲ ይከፈታል። ያቺ የዠጂያንግ አውቶቡስ ማለት ነው፣ ያውም ሰዓቷ የረዘመ። አስተባባሪው ስም ዝርዝር መያዙ፣ ቲሸርቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ለቫይረሱ ምንም ማለት አይደለም።

በተቃራኒው አሶሳ ከተማ ውስጥ በራሱ የሚዞር ሰው የተሻለ አየር አለው። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ነው። ገበያው ሜዳ ላይ ነው። በማንጎ ወቅት ከመጣችሁ ደግሞ ግብይቱ ከዛፍ ስር ነው። እንግዳ በበርታ ዙምባራ ሲቀበሉት በርካታ ሰው በአንድ ላይ የሚነፋው መሣሪያ ቢሆንም ደጅ ላይ ስለሆነ ትንፋሹ ይበተናል፤ ያንኑ አዳራሽ ውስጥ አስገብቶ በሩን መዝጋት ሌላ ነገር ነው።

ግን ይሄን ስል ስለ ተጓዡ ብቻ አወራሁ። ተጎብኚውስ? በራሱ የሚዞር ሰው ብዙ ቤት ይገባል፣ ብዙ እጅ ይጨብጣል። እኛ ሀገር ሰላምታ አጭር አይደለም፣ እንግዳ ሳይቀመጥ አይሸኝም፣ ቀድሞ የሚቀርበው ደግሞ ሽማግሌ ነው። መመሪያ ቁጥር 30/2013 መጨባበጥ ሲከለክልና ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ሲል አሶሳ ላይ ይሄን ለአንድ አባት ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሞከረው ያውቀዋል። እጅ ደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ማለት ነበር የሠራው፤ ክብሩን አይቀንስም፣ ማብራሪያም አያስፈልገውም።

የገንዘቡም ነገር አለ። የታጠረ ጉብኝት ዳቦውንም የታሸገ ውሃውንም ከመነሻው ጭኖ ይመጣል፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ባጃጁ፣ ቡና የምታፈላዋ፣ ማንጎ የምትሸጠው ልጅ አውቶቡሱ ሲያልፍ ነው የሚያዩት። ኔፕልስም ላይ ያው ነው፤ መርከቡ መጣ፣ ታክሲ ነጂው ግን ተሳፋሪ አላገኘም። በጤና ስም የታጠረ አጥር ገቢውንም ማን እንደሚያገኝ ይወስናል። ይሄ ነገ ይበልጥ ይመጣብናል። ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ፣ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ከ70 በላይ ደሴቶች ያሉት ሐይቅ ነው፤ የጀልባ ቱሪዝም ይጀመርበታል እየተባለ ነው። ያኔ እንግዳው ከጀልባ ወርዶ በጉባ ሰው መንደር በራሱ ይዞራል ወይስ በታጠረ ቡድን ብቻ የሚለውን የሚወስነው ጀልባው ያለው አካል ከሆነ፣ የጉሙዝ ወጣት በገዛ ሀገሩ ተመልካች ይሆናል።

አንድ ነገር ሳልለይ እንዳላልፍ። እስካሁን ያልኩት እንደ ኮሮና በአየር ለሚተላለፍ በሽታ ነው። ማርበርግ የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው። ኤምፖክስም በዋናነት በቅርብ ንክኪ ነው። ለነሱ መስኮት መክፈት ብዙ አይረዳም፤ የታመመን ሰው አለመነካካት፣ አንሶላና ፎጣ አለመጋራት፣ እጅ መታጠብ ነው ሥራው። ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በሽታው በምን ይተላለፋል የሚለው ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? የኔ ምርጫ ቅልቅሉ ነው። ለግድቡ የሚሆነውን ክፍል በቡድን፣ የቀረውን በራስ። አረጋዊ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ አቅም ካለ አሶሳ ድረስ በአውሮፕላን ይምጡ፤ ከረጅም አውቶቡስ ይሻላል፣ መንገዱንም ያስቀራል። ከተማው ውስጥ ቡድን አያስፈልጋችሁም።

ለቡድኑ ጉዞ ከመክፈላችሁ በፊት አስተባባሪውን ጠይቁት። አውቶቡሱ መስኮቱ ይከፈታል ወይስ የታሸገ ነው? ስንት ሰው ይጭናል? መንገድ ላይ የታመመ ሰው ቢኖር እሱን ይዞ ወደ ፓዌ ወይም ወደ አሶሳ ሆስፒታል የሚመለስ ትርፍ መኪና አለ ወይስ ሃምሳው ሰው አብሮት ይቆያል? የሚያስል ሰው ጉዞውን ቢሰርዝ ገንዘቡ ይመለስለታል? ይሄ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ግን ገንዘቡ የማይመለስለት ሰው ሳሉን ዋጥ አድርጎ ነው የሚሳፈረው።

ከዚያ መስኮት ዳር ያዙ፣ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ አየር መቀበል ይኑር በሉ። ሹፌሩ አቧራ ይገባል ዝጉት ካለ፣ አፍና አፍንጫችሁን የምትሸፍኑበት ሻሽ ወይም ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፣ መስኮቱን ግን ትንሽም ብትሆን ክፈቷት።