የፈረሰ ሕንፃ ኮንክሪትን ለአዲስ ግንባታ ስለመጠቀም

አሮጌ ቤት አፍርሶ አዲስ የሚገነባ ባለይዞታ አስቀድሞ የሚያሳስበው ፍርስራሹን የት እንደሚጥል ነው። ሆኖም ከፍርስራሹ ውስጥ ንጹሕ የሆነው ኮንክሪት ተፈጭቶና ተበጥሮ በጠጠርነት ዳግም ሊያገለግል ይችላል። ይህም የማጓጓዣ ወጪን ከመቀነሱም በላይ ከካባ የሚወጣውን ድንጋይ ይቆጥባል።

ጥንቃቄ የሚያሻው በጥራት ረገድ ነው። ከአሮጌ ኮንክሪት የተገኘ ጠጠር በላዩ የቀድሞው የሲሚንቶ ቅሪት ስለተጣበቀበት ከባዛልት ጠጠር ይበልጥ ውሃ ይመጣል። ደረቁን ከተቀላቀለ ድብልቁ ቶሎ ይጠጥራል፤ ሠራተኛውም ሥራው እንዲቀለው ያለ ልክ ውሃ ይጨምራል። ኮንክሪቱ የሚደክመው በዚህ ጊዜ ነው። ስለሆነም ጠጠሩን አስቀድሞ ማርጠብ፣ የውሃውንም መጠን በመሐንዲስ ማስወሰን ይገባል።

ልስን፣ ጂፕሰም፣ እንጨት ወይም አፈር የተቀላቀለበት ፍርስራሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በተለይ በጂፕሰም ውስጥ የሚገኘው ሰልፌት ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ በማበጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቃል፤ ጉዳቱ የሚታየውም ቤቱ ከተሠራ በኋላ ነው። በመሆኑም ፍርስራሹን መለየት የሚገባው በማፍረሱ ወቅት ነው፤ አንድ ላይ ከተከመረ በኋላ መለየቱ እጅግ አድካሚ ነው።

በዚህ መልክ የተዘጋጀ ጠጠር ለግቢ ንጣፍ፣ ለእግረኛ መንገድና ለሙሌት ተስማሚ ነው። ለዓምድና ለሶሌታ ግን ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ መጠቀም አደገኛ ነው። የሌሎች አገሮች ልምድ እንደሚያሳየው ሸካራው ጠጠር እስከ 30 በመቶ ቢተካ የጥንካሬ ለውጡ አነስተኛ ነው፤ ይህም የሚረጋገጠው በ28ኛው ቀን በሚደረግ የናሙና ምርመራ ነው።

ብዙዎች ልብ የማይሉት አንድ ነጥብ አለ። የፈረሰ ኮንክሪት ድንጋይን እንጂ ሲሚንቶን አይተካም፤ የኮንክሪት የአየር ብክለት ግን በአብዛኛው የሚመነጨው ከሲሚንቶው ነው። የኖራ ድንጋይ 1450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ክሊንከር እስኪሆን ድረስ ከፍተኛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ የክሊንከሩ ከፊል እንደ ፑሚስ ባሉ ማዕድናት የተተካ በመሆኑ ብክለቱ ከኦፒሲ ያነሰ ነው። ለግድግዳና ለልስን ሥራ በቂ ነው፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውሃ የማጠጣቱ ሥራ ያለጊዜው መቋረጥ የለበትም።

በሕግ መሠረት ግንባታ የሚጀመረው በፈቃድ ነው። ዳግም የተፈጨ ጠጠር ለመጠቀም የሚፈልግ ባለይዞታ መሐንዲሱ ይህንኑ በዲዛይኑ እንዲገልጽለት ያድርግ፤ የላቦራቶሪ ውጤቱንም ለተቆጣጣሪ ባለሙያ ለማሳየት እንዲችል በግንባታው ቦታ ያቆይ።