የሐይቅ ዳር መቀመጫና የሠራተኛው መታሰቢያ

አንድ ኅብረተሰብ ሙታኑን የሚዘክርበት መንገድ የሕያዋኑን ግንኙነት ገልጦ ያሳያል። በዘመነ መሳፍንትም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት የዘውድ አገዛዝ ዓመታት ሐውልት የሚቆመው ለገዥው፣ ዜና መዋዕል የሚጻፈው ለንጉሡ ነበር። መንገዱን የጠረገው፣ ድንጋዩን የተሸከመው፣ አርሶ ግብሩን የከፈለው ሰፊ ሕዝብ ግን ስሙ ከአስከሬኑ ጋር አብሮ ይቀበር ነበር። ከዚህ አኳያ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል። እርሱም በዓሣ ማስገሪያ ሐይቅ ዳር ለሟች ወገን መታሰቢያ ተብሎ ተተክሎ፣ ኋላ ተመልካች አጥቶ የፈረሰ መቀመጫ ነው። ማን ይጠግነዋል? ለምንስ ይጠገናል?

በመጀመሪያ ልማዱ ወደ ተስፋፋበት ዓለም እንመልከት። በኒውዮርክ ከተማ ሴንትራል ፓርክ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፣ በአንድ አግዳሚ መቀመጫ ላይ የወዳጁን ስም በብረት ሰሌዳ ማስቀረጽ የሚሻ ሰው ከፍ ያለ ገንዘብ ይከፍላል። ገንዘቡ ለመናፈሻው ጥበቃ እንደሚውል አይካድም፤ መቀመጫዎቹም በሚገባ ይያዛሉ። ይሁን እንጂ ያንኑ መናፈሻ ሲጠርግ ኖሮ የሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? መታሰቢያ ሸቀጥ ሲሆን፣ የሚታወሰው በሕይወቱም ያልተረሳው ሰው ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ በእንግሊዝ አገር ሌላ ልምድ አለ። በ19ኛው ምእተ ዓመት የሼፊልድ ብረት ሠራተኞች በእረፍት ቀናቸው ዓሣ ለማስገር ማኅበራት አቋቁመው ነበር። በዚያ አገር ባሉ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ዘንድ የሞተ ባልደረባን በሚወደው ውኃ ዳር መቀመጫ ተክሎ ማሰብ፣ ሲበሰብስም በአንድ እሑድ ተሰብስቦ ማደስ የተለመደ ነው። እንጨቱ ያው እንጨት ቢሆንም ሁለቱ አሠራሮች በመሠረቱ ይለያያሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከከላላና ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ለጉዳይ ደሴ የሚደርስ የደጋ ሰው፣ ጉዞውን ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀጥል ሐይቅን ያገኛል። ይህ ሐይቅ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ስፋትና ከ80 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት አለው፤ በገጸ ምድር ፈስሶ የሚወጣ ውኃ የለውም። የገባበትን ሁሉ፣ አፈሩንም ቆሻሻውንም፣ ይዞ ያስቀራል ማለት ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በተፈጥሮ የነበረ ሳይሆን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውኃ ተወስዶ የተጨመረ ነው። ዛሬ በሐይቁ ዳር መረብ ጥለው የሚተዳደሩት ቤተሰቦች እንጀራ በዚያ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። ዓሣውን ያመጡት ሠራተኞች ስም ግን በዳርቻው የትም ተቀርጾ አይታይም።

በዚያው ዳርቻ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው ምእተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስፍራ ነው። የገዳሙ ብራና የአበምኔቶችንና የነገሥታትን ስም ጠብቆ ለትውልድ አድርሷል። ብራናው በእጅ ተጠብቆ መኖሩ ራሱ ለጉዳያችን ትምህርት ይሰጣል፤ በየዘመኑ የሚረከበው ሰው ስለነበረ ነው የቆየው።

ከገዳሙ ማዶ የሚያልፈው የደሴ–ወልድያ መንገድ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀብ የወሎ ገበሬ ልጆቹን አዝሎ የወጣው ወደዚህ አውራ ጎዳና ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ያነሡትን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ሲያሳዩ፣ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ሲያቀርብ፣ ሥርዓቱ ሊሸሽገው የሞከረው እልቂት ገሃድ ወጣ። ያን ጊዜ በመንገድ ዳር የወደቁት ወገኖች በጅምላ ተቀበሩ። አንድ መንገደኛ አረፍ ብሎ «እዚህ ያለፉት እነማን ነበሩ?» ብሎ የሚጠይቅበት አንድ የድንጋይ መደብ እንኳ በየወደቁበት ስፍራ አለመኖሩ ያሳዝናል። መታሰቢያ ሁሉ የግድ ሰማይ መንካት የለበትም።

እንዲያውም ሰማይ የነካው ሁልጊዜ ዕድለኛ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ለረጅም ጊዜ ተመልካች አጥቶ ነበር። እዚሁ ደቡብ ወሎ በመቅደላ አምባ ላይ ደግሞ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አስፈጥረውት፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በወራት ጉዞ፣ መንገድ እየተደለደለ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. ደረሰ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። የጎተቱት ሰዎች ግን በየትኛው ድንጋይ ላይ ተጻፉ? ነገሥታትን ከሠራተኛው ለይቶ የሚተርክ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው፤ ይህን ደጋግመን ብንለውም አይበዛም።

መደብ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም መያዙን እግረ መንገዳችንን እንጠቁም። አንዱ የኅብረተሰብ ክፍል ነው፤ ሌላው በቤት ግድግዳ ሥር የሚደለደለው መቀመጫ ነው። በሐይቅ ዳር ሁለቱ ይገናኛሉ። በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ ሆቴልና ቪላ ዳርቻውን አጥሮ በያዘበት ስፍራ፣ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በእሑድ ቀኑ ውኃውን ለማየት አስቀድሞ መጠጥ መግዛት ይኖርበታል። በአዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ግን ሕዝቡ በነጻ ይራመዳል፤ ይቀመጣል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር የቆመ የሕዝብ መቀመጫ የሟች መታሰቢያ ብቻ ሳይሆን ምንም ሳይከፍሉ የመቀመጥ መብት ምልክት ጭምር ነው። መቀመጫው ፈርሶ ስፍራው ባዶ ሲሆን «ማንም የማይጠቀምበት ቦታ» ይባላል፤ ማንም የማይጠቀምበት ከተባለ በኋላ ደግሞ አጥር ይከተላል። ቸልተኝነት በዚህ ረገድ ገለልተኛ አይደለም፤ ለአጣሪው ያገለግላል።

ጥገናው ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ዕውቀት ይፈልጋል። እንጨት የሚበሰብሰው አብዛኛውን ጊዜ አፈር በነካበትና ውኃ በሚያቁርበት መገጣጠሚያ ነው። ስለዚህ አናጢው አስቀድሞ እግሮቹን በመሮ ጫፍ ወግቶ መመርመር፣ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ በደህና እንጨት መተካት፣ እግሩንም ከአፈር ነጥሎ በድንጋይ ላይ ማሳረፍ አለበት። ወይራና ጽድ ይቆያሉ። ሳይታከም መሬት የተቀበረ ባሕር ዛፍ ግን በምስጥና በእርጥበት ቶሎ ያልቃል። የላይኛው ገጽ ዝናብ እንዳያቁር ትንሽ ዘንበል ይበል። በየቤቱ አጥር ላይ እንደምናደርገው የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በሐይቅ ዳር ፈጽሞ አይገባም፤ መውጫ በሌለው ውኃ ውስጥ የገባ ዘይት ተመልሶ ዓሣውንና ዓሣ አስጋሪውን ይጎዳልና። ነባሩ ጽሑፍ ያለበት ክፍል ቢሰነጠቅም አይጣል፤ በአዲሱ ላይ ይገጠም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ከጥገናው በኋላ ያለው ነው። በአገራችን ለምረቃ ቀን ድንኳን፣ ሪባንና ንግግር አይጠፋም፤ ከዓመት በኋላ ለአንድ ብሎን ግን በጀት የለም። ይህ ብዙ ጊዜ የተተቸ የአሠራር ጉድለት ነው፤ ትችቱም አላረመውም። እኛ መፍትሔውን ሩቅ አንፈልገውም። የሰፈር ዕድር ምን እንዳለው እያንዳንዱ አባል ያውቃል፤ ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ለሐዘንተኛ የሚዘረጋ አግዳሚ ወንበር አለው። ንብረቱ በመዝገብ ይቆጠራል፤ የንብረት ክፍሉ ይረከበዋል፤ የሰበረ ይጠግናል ወይም መቀጮ ይከፍላል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሐዘን በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ የተገነባው ያለ ማንም ትእዛዝ በሠራተኛውና በነዋሪው በራሱ ድርጅት ነው። እንግዲያው በሐይቅ ዳር ያለው የመታሰቢያ መቀመጫ በአቅራቢያው ባለው ዕድር ወይም በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ቢገባ፣ የሚጠይቀው ሰው ይታወቃል፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ይታያል። የቀበሌው አስተዳደር ድርሻ ቦታው በካርታ ላይ የሕዝብ ሆኖ እንዲጸና ማድረግ ነው። ይህን ሳያደርግ ስለ ባህል ጥበቃ የሚያሰማው ንግግር ከንቱ ነው።

ሐይቅ የሌላቸው የከላላ፣ የቦረናና የለጋምቦ ደጋ ነዋሪዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። በገበያ መንገድ ላይ፣ በአቀበቱ አናት፣ በምንጭ አጠገብ ሸክም አውርዶ የሚያርፉበት ድንጋይ በየቦታው አለ። የዳገት ላይ ማረፊያ የሚናድበት ምክንያት አንድ ነው፤ በጎን የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ሥሩን ይቦረቡረዋል። ከላይ በኩል አጭር የውኃ መውረጃ ቦይ ቢቀደድለት ለብዙ ዓመታት ይቆማል። ሥራው የሁለት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የቀረው ስለ ጽሑፉ ነው። አንዳንዶች ጠጋኞቹ ስማቸውን ከሟቹ ሥር ያስቀርጹ ይላሉ። እኛ አንስማማም። ጠጋኝ ሁሉ ስሙን ቢጨምር ሰሌዳው በጥቂት ዓመታት የቀጠሮ መዝገብ ይመስላል፤ በጀት የሰጠው ባለሥልጣንም ከሁሉ በላይ በትልቁ ፊደል መሰለፉ አይቀርም። የሟቹ ስም፣ ሥራውና ዓመቱ ይበቃል። ሥራው ግን አይቅር፤ ዓሣ አስጋሪ ከሆነ «ዓሣ አስጋሪ»፣ አናጢ ከሆነ «አናጢ» ተብሎ ይጻፍ። ፊደሉ በቀለም ሳይሆን በመሮ ይቆረጥ፤ ቀለም በሐይቅ ዳር ፀሐይና ዝናብ ቶሎ ይለቃል።