ከልደቱ ቀን የተለየው የልደት በዓል

በአሜሪካ የፌብሩዋሪ ወር ሦስተኛው ሰኞ ሲደርስ ፖስታ ቤቱ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቱና የአክሲዮን ገበያው ዝግ ይሆናሉ። መኪና፣ ፍራሽና የቤት ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች ግን ከዓመቱ ትልልቅ የገበያ ቀኖቻቸው አንዱን ይውላሉ። የአገሩን ሰው የምን በዓል ነው ብትሉት «ፕሬዚዳንትስ ዴይ» ይላችኋል። በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ ግን በዚህ ስም የሚጠራ በዓል የለም፤ ሕጉ ዛሬም የሚያውቀው «የዋሽንግተን ልደት» የሚለውን ነው። የአንድ ሰው ልደት እንዴት ስሙንም ቀኑንም አጥቶ የቅናሽ ወቅት ሆነ? ይህ ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አከራክሯል። (ካልገለጽሁ በቀር ቀኖቹና ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀኑ ጉዳይ ገና ከጅምሩ ቀላል አልነበረም። ጆርጅ ዋሽንግተን ቨርጂኒያ ውስጥ ሲወለድ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ በጁልያን አቆጣጠር ይመሩ ነበር፤ ዘመን የሚለወጠውም ማርች 25 ቀን ነበር። በዚያ አቆጣጠር የተወለደው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ነው። በ1752 አገሩ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲዞር 11 ቀናት ተዘለሉ፤ ሴፕቴምበር 2 ማታ የተኛ ሰው የነቃው ሴፕቴምበር 14 ነው። የሃያ ዓመቱ ወጣት ልደትም ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ሆነ። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ቀን፣ እናቱ ዘንድ ሌላ ቀን ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በዚያው በቨርጂኒያ ያለችው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ሰዎች አሮጌውን ቀን ቶሎ አልለቀቁም። ዋሽንግተን በ1799 ፌብሩዋሪ 11 ቀን ወደዚያች ከተማ ወጥቶ የልደቱን በዓል እንዳከበረ በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አረፈ።

ከሞተ በኋላ ፌብሩዋሪ 22 የሐዘንና የክብር ቀን ሆነ። በ1832 መቶኛ ዓመቱ በመላው አገሪቱ ተከበረ። በ1879 ኮንግረስ ቀኑን በዋና ከተማዋ ላሉ የፌዴራል ሠራተኞች የዕረፍት በዓል አደረገው፤ በ1885 ደግሞ በየክፍለ ግዛቱ ላሉትም ተፈቀደ። በዓሉ ከአገሪቱ የመንግሥት በዓላት ሁሉ በትውልድ አሜሪካዊ የሆነን ሰው ለማክበር የመጀመሪያው ነበር። የመሪ ልደት የሕዝብ በዓል መሆኑ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሐምሌ 16 እንዴት ይከበር እንደነበር ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ። የዐፄው ልደት ከሥርዓቱ ጋር ከመንግሥት በዓልነት ወጣ። የዋሽንግተን ግን በሥርዓት ለውጥ አልተነካም፤ የለወጠው የዕረፍት ቀን አደላደል ነው።

በ1968 ጁን 28 ቀን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አንዳንድ በዓላትን ወደ ሰኞ የሚያዛውር ሕግ ፈረሙ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ በዓል ረቡዕ ወይም ሐሙስ ላይ ሲውል የፋብሪካ ሥራ ይቋረጣል፤ ሰኞ ላይ ሲውል ግን ቅዳሜና እሑድ ሦስት ቀን ይሆናሉ። ቤተሰብ ዘመዱን ይጠይቃል፣ ይጓዛል፣ ይገበያል። ሕጉ ከ1971 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል የዋሽንግተን ልደት ወደ ፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ተዛወረ። ሦስተኛው ሰኞ ከ15 በፊት ወይም ከ21 በኋላ ሊውል አይችልም። ስለዚህ «የዋሽንግተን ልደት» ተብሎ የሚከበረው በዓል ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ በፌብሩዋሪ 22 ውሎ አያውቅም፤ ወደፊትም አይውልም። ልደትን አክብሩ ብሎ የልደቱን ቀን የዘለለ ሕግ፣ በእኔ ግምት፣ ስሙ እንዲጠፋ በሩን የከፈተው ራሱ ነው።

የስሙም ነገር በዚያው ክርክር ተነስቶ ነበር። የኢሊኖዩ እንደራሴ ሮበርት መክሎሪ በዓሉ «የፕሬዚዳንቶች ቀን» እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። ኢሊኖይ የአብርሃም ሊንከን አገር ናት፤ የሊንከን ልደት ፌብሩዋሪ 12 ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ስም መጠቅለል ለእሳቸው ተገቢ መስሎ ታያቸው። ተቃውሞ ሲበዛ ሐሳቡ ተተወ። ስሙን ኋላ ላይ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በአዋጅ ለውጠውታል የሚለው ወሬም ስህተት ነው፤ የ1971 ትእዛዛቸው የሚለው «የዋሽንግተን ልደት» ነው። ኮንግረስ የጣለውን ስም ያነሳው ማስታወቂያ ነው። ከሊንከን እስከ ዋሽንግተን ልደት ያሉትን ቀናት አንድ ላይ የሚይዝ ስም ለነጋዴ ይመቻል፤ በ1980ዎቹ ስሙ የሁሉም አፍ ላይ ነበር።

ክፍለ ግዛቶቹም እያንዳንዳቸው የመሰላቸውን አደረጉ። ቨርጂኒያ «የጆርጅ ዋሽንግተን ቀን» ትለዋለች። አላባማ የዋሽንግተንና የጀፈርሰን ልደት ብላ ታከብረዋለች፤ ጀፈርሰን የተወለደው ግን በኤፕሪል ነው። ጆርጂያ ደግሞ ዕረፍቱን ለሠራተኞቿ ወደ ገና ሰሞን አዛውራዋለች።

ወደ ቅናሹ እንምጣ። ሽያጩን የፈጠረው የሰኞው ሕግ ብቻ አይደለም፤ የዋሽንግተን ዲሲ መደብሮች ከዚያ በፊትም በፌብሩዋሪ 22 ዋጋ ሰብረው ይሸጡ ነበር። የገናው ግርግር ካለፈ በኋላ ገበያ ይቀዘቅዛል። ለጸደይ ልብስ መደርደሪያው እንዲለቀቅ የክረምቱ ካፖርትና ቦት ጫማ መሸጥ አለበት። መኪና ሻጩ ግቢ ውስጥ ያለፈው ዓመት ሞዴል ገና ቆሟል። የግብር ተመላሽ ገንዘብም በየሰው እጅ መግባት የሚጀምረው በዚህ ወር ነው። ፍራሽ፣ ፍሪጅና መኪና ባልና ሚስት አብረው አይተው፣ ተማክረው የሚገዙት ዕቃ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሰኞ ዕረፍት ይመቻል።

ስለዚህ ቅናሹ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን መመሪያ እንደሚለው፣ ተሰርዞ የሚታየው የቀድሞ ዋጋ ዕቃው በእርግጥ ለበቂ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበበት መሆን አለበት፤ ለመቀነስ ብቻ የተሰቀለ ዋጋ ማታለል ነው። ፍራሽ ላይ በተለይ ልብ በሉ። አንድ አምራች ተመሳሳዩን ፍራሽ ለተለያዩ መደብሮች በተለያየ ስም ስለሚሰጥ ገዢው ዋጋ ማወዳደር ይቸግረዋል። መኪና ላይ ደግሞ በትልቁ የተጻፈውን ቅናሽ ብቻ ሳይሆን ወለዱንና በውሉ ታች የተጨመረውን ክፍያ ደምሩ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። የፌዴራል በዓል የሚያሳርፈው የመንግሥትን ሠራተኛ ነው። የግል ቀጣሪ በዚያ ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ ወይም ጭማሪ እንዲከፍል የፌዴራሉ የሥራ ሕግ አያስገድደውም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በመደብር፣ በመኪና ማቆሚያና በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። ለሌላው ረጅም የዕረፍት ሰሞን የሆነው ለእነሱ ሥራ የሚበዛበት ሰኞ ነው።

ይህም ሆኖ በዓሉ በየቦታው ሕይወት አለው። በሴኔቱ ከ1896 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ አባል የዋሽንግተንን የስንብት መልእክት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ 7,641 ቃላት ነው፣ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ልማዱ መነሻው በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በ1862፣ የተደረገው ንባብ ነው። መልእክቱ ከወገንተኝነት መንፈስ ተጠንቀቁ ይላል። አንባቢዎቹ ከሁለቱ ፓርቲዎች በየተራ ይመረጣሉ፤ ሲጨርሱም በአንድ ጥቁር መዝገብ ላይ ስማቸውን ያሰፍራሉ። በቴክሳስ የላሬዶ ከተማ ከ1898 ጀምሮ ልደቱን ታከብራለች፤ የአሜሪካና የሜክሲኮ ልጆች በድንበሩ ድልድይ መካከል ተገናኝተው ይተቃቀፋሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያም ሰልፍ አለ። እነዚህ በዓሉ ስለ ማን እንደሆነ የሚያውቁ ቦታዎች ናቸው። ሲታወስም ሙሉ ሰው ሆኖ ሊታወስ ይገባል፦ ሲሞት በርስቱ በማውንት ቨርነን 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ የራሱ የነበሩት 123ቱ ነጻ እንዲወጡ የተናዘዘውም በመጨረሻው ኑዛዜው ነው።

በዓል በሳምንቱ ቀን መወሰኑ በራሱ ጥፋት አይደለም። ፋሲካችን ሁልጊዜ እሑድ ይውላል፤ ያ ግን የትንሣኤው ቀን እሑድ ስለሆነ ነው። የዋሽንግተን ሰኞ እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም። በ2018 ያ ሰኞ ከእኛ የሰማዕታት ቀን፣ ከየካቲት 12 ቀን 2010 ጋር ገጠመ። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ የሚቀመጠው ሰማዕታቱ በወደቁበት ቀን ነው፤ ወደ ሰኞ ይዛወር ያለ የለም። አሜሪካኖችም ቢሆኑ የጦር አርበኞቻቸውን ቀን በዚያው የሰኞ ሕግ ወደ ኦክቶበር ካዛወሩ በኋላ ሕዝቡ አልቀበል ስላለ በ1975 በወጣ ሕግ፣ ከ1978 ጀምሮ፣ ወደ ኖቬምበር 11 መልሰውታል። የሦስት ቀን ዕረፍት ለሚያገኘው ሠራተኛ ሰኞው ውድ መሆኑ ይገባኛል። እኔ ግን የዋሽንግተን ልደትም ወደ ፌብሩዋሪ 22 ሊመለስ ይገባል እላለሁ።